አየር ጤና፣ ሁለት ሰው ብቻ!

ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይሄን ጩኸት ያውቀዋል። «አየር ጤና! አየር ጤና! ሁለት ሰው ብቻ!» ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይጣራል። ሚኒባሱ ከኋላው ጥቁር ጭሱን ይለቀዋል። ሰፈሬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። አየርና ጤና በጭስ መሀል ሲጠሩ አሁንም ያስቀኛል።

ካልሳቅኩ ምን ላድርግ? ከሰፈራችን በቀለበት መንገዱ ወደ ጀሞ ትንሽ ሄድ ሲሉ ቆሼ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ተራራ። ንፋሱ ወደኛ ሲዞር ከሁላችን ቀድማ የምታውቀው እናቴ ናት። «ዛሬ ቆሼ መጥቷል» ትላለች፣ ያልጠራችው እንግዳ የመጣባት ይመስል፣ መስኮቱን እየዘጋች።

ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ሽልማት ነው።

ጥር ላይ አንድ ወረዳ የእውቅና ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። የቱ ወረዳ እንደሆነ ይቅር። አዳራሹም ንግግሩም የትም አንድ ነው። ባነሩ ላይ «ለአካባቢ አየር ጥራት መሻሻል የላቀ አስተዋጽኦ ላበረከቱ» ይላል። እኔ የሄድኩት የእድራችን ሒሳብ ያዥ ስለሆንኩ ነው። የእድሩ ዳኛ ጉልበታቸውን አሟቸው «አንተ ሂድልኝ፤ ምሳ ሳይኖረው አይቀርም» አሉኝ። ምሳ አልነበረውም። ውኃና ብስኩት ነበር።

ሦስት ሰዓት ተብለን አራት ከሃምሳ ተጀመረ። ንግግሩን በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። ባለድርሻ አካላት፣ በቅንጅት፣ ርብርብ፣ ተጠናክሮ ይቀጥላል። ተናጋሪው ሕገ መንግሥቱ ጋ ደረሱ፤ አንቀጽ 44፣ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው የሚለው። ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ጄኔሬተሩ ሳል ሳል አለና ተነሳ። የቆመው መስኮቱ ሥር ነበር። የናፍጣው ጭስ ቀስ እያለ ገብቶ በባነሩ ፊት አለፈ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። ተናጋሪው ግን አልተደናገጡም። አንቀጹን ከመጀመሪያው ደገሙት።

ያን ቀን መለኪያዬን ይዤ አለመሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለ መለኪያዋ እመጣበታለሁ።

ሽልማቱ ተጀመረ። አንደኛ የወጣው ብሎክ ዋንጫ፣ ሁለተኛና ሦስተኛው በፍሬም ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀት። አንደኛው ለምን አንደኛ እንደሆነ ተነበበ። የተተከለ ችግኝ ይሄን ያህል። የተካሄደ ስብሰባ ይሄን ያህል። የተበተነ በራሪ ወረቀት፣ የተደረገ የጽዳት ዘመቻ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ስለ አየሩ ስለራሱ አንድም ቁጥር አልመጣም። በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ነገሩን የማየው እንደ ደብተር ነው። ወጪው በሙሉ ተነበበ። ቀሪው ስንት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። እኛ እድር ውስጥ እንዲህ ያለ ሪፖርት ባቀርብ ቁልፉን ይቀበሉኝ ነበር።

ክፋት አላየሁም። የተሸለሙት ሰዎች ደክመዋል። ዋንጫውን የተቀበሉት አባት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። የከነከነኝ ሌላ ነው። አየር ለማሻሻል ትሸለማለህ የተባለ ሰው አየሩ መሻሻሉን በምን ያውቃል?

አሁን ወደ መለኪያዋ።

እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ባለፈው ሐምሌ ስትመጣ ለእናታችን ሻንጣ ሙሉ መድኃኒትና አንዲት ትንሽ ዕቃ ይዛ መጣች። ከመዳፍ የማትበልጥ ነጭ ሣጥን ናት፤ ፊቷ ላይ ቁጥር ይወጣል። አየር ወደ ውስጥ ትስባለች፤ በውስጧ ያለው ብርሃን ብናኙን ይቆጥራል። የእናቴ ሳል ክረምት ከክረምት ስለማይለቃት ነው እህቴ የገዛቻት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«አየር የምትለካ ናት እማዬ።»

«አየር ይለካል?»

«ይለካል።»

«ጉድ እኮ ነው!»

መለኪያዋ ቡፌው ላይ ተቀመጠች። 24 ትላለች። እሑድ ነበር፤ ዝናብ ስለሚጥል በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። እናቴ ከሰል አቀጣጠለች። ቁጥሩ 70 ገባ። ቡናው መቆላት ሲጀምር 180። መዓዛውን እንድናሸት ብረት ምጣዱን ይዛ ስትዞር 260። ከዚያ እጣኑ ፍሙ ላይ ጠብ አለ። መለኪያዋ ቀይ ሆና መጮህ ጀመረች።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«አየሩ መጥፎ ነው አለች።»

«ስለ ቡናዬ ነው እንዲህ የምትለው?»

«ስለ ጭሱ ነው እማዬ።»

እናቴ ዕቃዋን አየቻት። ልጅ ሆነን እንግዳ ፊት ስንባልግ እንደዚያ ነበር የምታየን። በረካው ሳይደርስ መለኪያዋ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ገብታ፣ ድምፅዋ ከጠረጴዛ ልብስ ሥር ሲጮህ፣ እኛ ሦስተኛውን ጠጣን። እህቴ ከሳቋ ብዛት ስኒውን ደፋችው።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ባለሙያዎቹ «ፒኤም ሁለት ነጥብ አምስት» ይሉታል። እኔ ብናኝ እለዋለሁ። ውፍረቱ የሰው ፀጉር ሠላሳ ቦታ ቢሰነጠቅ እንደ አንዱ ነው። በአፍንጫ አይጣራም፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ደም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያውን ሲያጠብቅ የዓመቱ አማካይ በሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ አለ። ከዚያ በፊት 10 ነበር። ለአንድ ሙሉ ቀን 15። እኛ ቤት ገና ከሰል ሳይነካ 24 ነበር። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይም ቢሆን በተለካ ጊዜ ሁሉ ከአምስት በብዙ እጥፍ ነው የሚገኘው።

በነገራችን ላይ፣ ለአዲስ አበባ አየር ዋንጫ ስጥ ብባል መጀመሪያ የምሰጠው ለኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አትሳቁ። ልጅ እያለሁ እንጀራ በተጋገረ ቀን ማድ ቤታችን አይታይም ነበር። እናቴ ዓይኗን እያሸች፣ እምባዋ እየወረደ፣ በቅጠልና በእንጨት ትጋግር ነበር። ዛሬ ሶኬቱን ትሰካለች። ኤሌክትሪኩም ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ ነው የሚመጣው፤ ጭሱ ሌላ ሰው ሰፈር ሄዶ አይወጣም። ለዚህ ለውጥ ባነር የተሰቀለለት የለም። ሴቶቹ በየቤታቸው ዕቁብ ጥለው ገዙት፤ አለቀ። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ሁላችንም ወደ ከሰል ነን። ስለዚህ ሁለተኛውን ዋንጫ፣ መብራት ሳይጠፋ ላሳደረልኝ ሠራተኛ።

ከተማችን የምር የተሸለመችበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሲ ፎርቲ የሚባለው የትላልቅ ከተሞች ኅብረት ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ስብሰባ ነበረው። አዲስ አበባ በቀላል ባቡሯ በትራንስፖርት ዘርፍ ተሸለመች። ከነኮፐንሀገንና ከነፓሪስ ጋር ነው ስሟ የተጠራው። ዜናውን የሰማሁት እዚያው ባቡር ውስጥ ነው፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ስታዲየም ስሄድ፣ የሰው ብብት ሥር ሆኜ። የሆነ ልጅ ከስልኩ ጮክ ብሎ አነበበው። አንዲት እናት «እኛንም ጨምረው ነው የሸለሙት?» አሉና ባቡሩ ሙሉ ሳቀ።

ሽልማቱ አልበዛበትም እላለሁ። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ግድም። ያኔ ከሰሐራ በታች እንዲህ ያለ የከተማ ቀላል ባቡር ያለው አገር ጥቂት ነበር። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። በአንድ ጉዞ የሚጭነው ሰው በሚኒባስ ቢሄድ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት ጥቁር ጭስ እንደሚፈልግ አስቡት። በ2 ብር ይጀምር ነበር ታሪፉ! የተሸለመው ግን ዓመት ከጥቂት ወሩ ነው። ገና ጥርስ ሳያወጣ። በኋላ መለዋወጫ ጠፍቶ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ መቆማቸውን በዜና ሰማን። የቆመው ባቡር ተሳፋሪ የት ሄደ? ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ዋንጫው ግን መስተዋት ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

አንድ ሐሳብ አለኝ። መኪና በየዓመቱ ቦሎ ይለጠፍበታል አይደል? አምና ስላለፈ ዘንድሮ አይታለፍም፤ እንደገና ይመረመራል። ለሽልማትም ቦሎ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። ከተማውም፣ ወረዳውም፣ ብሎኩም በዓመቱ ይምጣና ይታይ። አሁንም ጭሱ የለም? ለጥፍለት። ተመልሷል? ዋንጫውን ለአንድ ዓመት አስቀምጥ። (ቦሎ ራሱ እንዴት እንደሚለጠፍ የምታውቁ እየሳቃችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ጥቁር ጭስ እየተፋ ቦሎው የሚያብረቀርቅ ሲኖ ትራክ ኋላ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ። ሐሳቡን እንጂ አሠራሩን አልኩ?)

ለቦሎው ደግሞ መለኪያ ያስፈልጋል። እዚህ ጋ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። ከተማዋ በተሸለመችበት በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ተክሎ የአዲስ አበባን ብናኝ በየሰዓቱ ለሕዝብ ማሳየት የጀመረው። ለዓመታት እኔን መሰል የቁጥር ሱሰኛ ጠዋት የሚከፍተው እሱን ነበር። ቁጥሩ የእንጦጦ ሥር እንጂ የኛ ሰፈር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ላይ አሜሪካኖቹ በየአገሩ ያሉትን የኤምባሲ መለኪያዎች መረጃ ማሰራጨት አቆሙ። ያን ሰሞን ገጹን ከፍቼ ባዶ ሳገኘው ጎረቤቴ አገር ለቆ የሄደ ነው የመሰለኝ። ከተማዋ የራሷ የአየር ጥራት ዕቅድ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣና እስከ 2025 የሚል። መለኪያ ስለመትከልም ይናገር ነበር። የኔ ጥያቄ አጭር ነው። እኔ ጠዋት ስልኬን ከፍቼ የአየር ጤናን ቁጥር የማየው መቼ ነው?

ህንዶች ይሄን ነገር በውድድር አድርገውታል። 130 ያህል ከተሞች አሉ፣ አየራቸው ከደረጃ በታች ሆኖ በመንግሥት መዝገብ የገቡ። በየዓመቱ ይወዳደራሉ። ትልልቆቹ ለብቻ፣ መካከለኞቹ ለብቻ፣ ትንንሾቹ ለብቻ፤ እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ፣ ትንሽ ከተማ ከሚሊዮን ሕዝብ ከተማ ጋር አይጋፋም። ነጥብ የሚሰጠው በምን መሰላችሁ? የመንገድ አቧራ፣ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ የግንባታ ብናኝ፣ የመኪና ጭስ፣ የፋብሪካ ጭስ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከትልልቆቹ አንደኛ የወጣችው ሱራት ናት፤ 15 ሚሊዮን ሩፒ ተሰጣት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ኢንዶር። ሽልማቱ ከዓለም የንጹሕ አየር ቀን ጋር የተያያዘ ነው። ቀኑ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 7፣ በኛ ጳጉሜን 2 ይውላል።

ታዲያ እነሱም ጋ ያው የኛ ወረዳ በሽታ አለ። ከተማው መጀመሪያ ራሱ ለራሱ ነጥብ ሞልቶ ያቀርባል። አብዛኛው ነጥብም ለተሠራው ሥራ እንጂ ለአየሩ ለውጥ አይደለም። ስንት መንገድ ተጠረገ፣ ስንት ውኃ ተረጨ። የሥራውን ነጥብ አልንቅም። ንፋስና ዝናብ ዕድል ናቸው፤ ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አንዱ ከንቲባ ዋንጫ ቢወስድ ፍርድ አይሆንም። ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ይነበቡልኝ። ይሄን ሠራን፣ ቁጥሩ ከዚህ እዚህ ሆነ። ቁጥሩ ካልወረደም ካልወረደ ይባል። እኔ «አልወረደም» ብሎ በግልጽ ለሚናገር ወረዳ ተነስቼ ነው የማጨበጭብለት።

ስለ ቆሼ ሳልናገር ብዘል ሰፈርተኛ ይታዘበኛል። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተራራው ተናደ። ከ110 ሰው በላይ ሞተ። የኛ እድር ድንኳኖቹን በሙሉ አውጥቶ ሰጠ፤ ድንኳን አልበቃም። ያኔ እዚያው አጠገብ ረጲ ላይ ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ እየተሠራ ነበር። በነሐሴ 2010 ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲወስድ፣ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ነው የተሠራው። በአፍሪካ የመጀመሪያው ተብሎ ብዙ ተጨበጨበለት። ጭሱ በማጣሪያ አልፎ ስለሚወጣ ሜዳ ላይ ከሚነድ ቆሻሻ ጋር አይወዳደርም፤ ይሄ እውነት ነው። እኔ ግን ያን ጭብጨባ ስሰማ እጄ አልተነሳልኝም። ድንኳኖቻችን የተመለሱት ጭቃ እንዳዘሉ ነበር። አጥቦ ማድረቁ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል፣ የኪራዩን ገቢ ባዶ ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ወደ ጥሩው ነገር ልመለስ፤ እሱም አለ። ኅዳር 30 ቀን 2011 መንገድ ለሰው የተባለው ቀን ሲጀመር ልጄን ይዤ ሜክሲኮ አደባባይ ወጣሁ። ስድስት ዓመቷ ነበር። መኪና የሌለበት አስፋልት መሀል ቆማ «አባዬ፣ ጥሩምባው የታለ?» አለችኝ። በኛ በ2016 ጥር ደግሞ ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች እየበዙ ነው፤ የእድሩ ዳኛ ሁለት ጊዜ ሊገጯቸው ለትንሽ ነው የተረፉት። ጭሱን የሚያወጡት አሮጌ ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች ግን አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። አዲስ መኪና የሚገዛው ሰው ሌላ፣ ጭሱን የሚስበው ሰው ሌላ።

አሁን የእድራችንን ወሬ ላውራ። ከነዋንጫው ወረዳ ይሄን ይበልጥ ልነግራችሁ የፈለግኩት ነው።

ኅዳር 12 ኅዳር ሲታጠን ነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ ነገሩ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ነው፤ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ያ ኢንፍሉዌንዛ። አዲስ አበባ ላይ ሰው በሺዎች ረገፈ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። በሽታው ከመጥፎ አየር የመጣ ነው ተብሎ ስለታመነ ሰው ሠፈሩን ጠርጎ፣ ጉድፉን ሰብስቦ አቃጠለ፣ ደጁን አጠነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚካኤል ቀን ከተማው ይታጠናል። የሚቃጠለው ግን ተቀየረ። ያኔ ቅጠልና ገለባ ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ የተቀደደ ጫማ፣ አንዳንዱ ጎማም ይጨምራል። አየር ሊያጠራ የተጀመረ ጭስ በዓመት አንድ ቀን ከተማውን በቁሙ ያፍነዋል። ከእንጦጦ ላይ ቆሞ ላየው ከተማው ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። በየዓመቱ ሹሞች «አጽዱ እንጂ አታቃጥሉ» ይላሉ። በየዓመቱ ይቃጠላል።

አምና በዚያ ቀን እኛ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቆጠርኩ። ከኛ መንገድ ብቻ አሥራ አንድ ጭስ።

መስከረም ላይ በእድር ስብሰባ ነገሩን አነሳሁ። ቁጥር አዘጋጅቼ፣ ስለ ብናኝ፣ ስለ ሳንባ፣ ሁሉንም። ግማሹ ሰው ያዛጋ ነበር። እኔ ጨርሼ ስቀመጥ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ለመሆኑ ገንዳው መጨረሻ የተነሳው መቼ ነው?» ዝም ተባለ። ከዚያ አንዷ «አሥራ ሦስት ቀኑ» አለች። ዳኛው እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው አታቃጥሉ የምንለው የት አድርጉት ብለን ነው?»

የቁጥር ሰው ነኝ ባይ እኔ ይሄን ቁጥር አልቆጠርኩትም ነበር! ማኅበር ያላቸው ቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆች ጆንያቸውን ይዘው ቤት ለቤት ይሰበስባሉ፤ የሚያራግፉት ገንዳው ላይ ነው። ክፍያው ከውኃ ቢል ጋር ስለሚቆረጥ ከፍለናል። ገንዳው ሲሞላ ግን ልጆቹ መሰብሰብ ያቆማሉ። ቤት የተከማቸው መሽተት ይጀምራል። በአሥረኛው ቀን አንድ ሰው ማታ ወጥቶ ክብሪት ይጭራል። ጭሱ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ገንዳው ላይ።

ሦስት ሰው ተመረጠ፤ አንዱ እኔ። የገንዳ መኪኖቹን ስምሪት የሚመድበውን ሰው ለማግኘት አራት ጊዜ ተመላለስን። አምስተኛው ላይ ተገኘ። ወጣት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የተበላ ፓስቲ አለ። ሰበብ ሊሰጠን ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ደብተሩን አወጣና «በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከመኪኖቻችን የሚሠራው ግማሹ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ብላችሁ ያዙኝ። ከቀረሁ በዚህ ደውሉ» ብሎ የራሱን ስልክ ጻፈልን። ማክሰኞ መጣ። ዓርብ መጣ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው የቀረው፤ ሦስቱንም ቀድሞ ደውሎ ነገረን። በኔ ደብተር የዚህ ልጅ ስም ቀይ አልነካውም። ጥር ላይ አዳራሹ ውስጥ ስሙ ይጠራ ይሆን ብዬ እስከ መጨረሻው ጠብቄ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ገንዳ ማንሳት የሚል ነጥብ አልነበረም።

ኅዳር 12 ደረሰ። ልጆቹ ከዋዜማው ጀምረው ሰበሰቡ፤ መኪናው ማለዳ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ቢመጣም መጣ። አስፋልቱን የምትጠርገዋ ሴት በዚያ ቀን ጠዋትም ማታም ነበረች። የጠረገችውን ቅጠል ለአንድ ጎረቤት ጓሮ ለማዳበሪያ ሰጠችው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ አምናው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ልጄ ከሥር መሰላሉን ይዛልኛለች። አሥራ ሦስት ዓመት ስለሆናት አባቷ ጣሪያ ላይ መታየቱ ያሳፍራታል። ከወደ ጀሞ ከባድ ጭስ አለ። ከወደ ቤቴልም አለ። የኛን መንገድ ከላይ እስከ ታች አየሁ። አንድ፣ ከጋራዡ ኋላ። ሁለት፣ ሦስት፣ ከመታጠፊያው። አራት፣ አዲስ ከሚሠራው ፎቅ ግቢ።

«ስንት ነው አባዬ? ውረድ በቃ!»

«አራት» አልኳት። ስልኬ ላይ ልመዘግብ ስል አንድ ሰማያዊ፣ ቀጭን ጭስ እግሬ ሥር ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። እጣን እጣን ይሸታል። ጎንበስ ብዬ ወደ ደጃችን ሳይ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በገል ፍም ይዛ፣ የግቢውን በር ግራና ቀኝ እያጠነች «ሚካኤል አውጣን» ትላለች።

አምስት ብዬ መዘገብኩ።